የመታሰቢያ ሳንቲም የማንን ዘመን ይናገራል?



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ሳንቲም ነው። ክብደቷ 15 ግራም፣ ስፋቷ ከ3 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ከብር የተሠራች፤ ዋጋዋ አንድ ራንድ። ያወጣቻት ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ዓመቱም 1988። የምትዘክረው ፖርቱጋላዊውን መርከበኛ ባርቶሎሜው ዲያስን ነው። ይህ ሰው በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ በመርከብ ዞሮ ከአትላንቲክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የተሻገረ፣ ከሚታወቁት አውሮፓውያን የመጀመሪያው ነው። የእኛን አቆጣጠር ለይቼ ካልጠራሁ በቀር ዛሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

ስለ አንድ ራንድ ይህን ያህል ሰው መሰብሰብ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ ወዲህ ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም ሁል ጊዜ ሁለት ዓመት ተሸክሞ ይዞራል፤ አንዱ የሚታሰበው ዓመት፣ ሌላው ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት። ተመልካች ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። እኔ ግን ምስክርነቱን የሚሰጠው ሁለተኛው ነው እላለሁ። ዲያስን የሚያከብረው ሳንቲም ስለ 1488 የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ 1988 ግን ብዙ ይነግረናል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ መታሰቢያ ሳንቲም ምንነት ሁለት ቃል ልበል። ገንዘብና መታሰቢያ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቅ የለም። አያቶቻችን በማርትሬዛ ብር ሲገበያዩ ኖረዋል። በብሩ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት፤ በ1780 ሞታለች፤ ሳንቲሙም ከዚያ ወዲህ በየትም ይመታ በየት ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ገበያተኛው ግን ስለ ማርያ ቴሬዛ ሕይወት ደንታ አልነበረውም። የሚያየው ብሩ ጥሩ ብር መሆኑን ነበር፤ በልብሷ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ ቆጥሮ፣ አገላብጦ፣ አቃጭሎ ይቀበላል። ሴትዮዋ የማንም ጀግና ሳትሆን በእኛ ገበያ ትዞር ነበር።

የመታሰቢያ ሳንቲም ከዚህ ይለያል። ዳቦ ሊገዛበት አይወጣም። የብሩ ዋጋ ብቻውን በላዩ ከተጻፈው ስለሚበልጥ፣ አንድ ራንድ የሚል የብር ሳንቲም ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው ከሳሪ ነው። ሰብሳቢዎች በሣጥን ያኖሩታል፤ አባቶች ለልጆቻቸው ይሰጡታል፤ መንግሥት ለእንግዶቹ ያበረክተዋል። በሕግ ገንዘብ ነው፤ በሥራው ግን ሐውልት ነው፤ በኪስ የሚገባ ሐውልት። ሐውልት ደግሞ የሚያቆመው ሰው አለው፤ የሚያቆምበትም ምክንያት አለው።

አሁን ወደ 1488 እንመለስ።

ዲያስ ከሊዝበን የተነሣው በ1487 ክረምት፣ በኦገስት ወር ነው። ሁለት ቀላል መርከቦችና አንዲት ስንቅ ጫኝ መርከብ ነበሩት። የላከው ንጉሥ ዦአው 2ኛ ነው። የዲያስ የራሱ የጉዞ መዝገብ ዛሬ የለም፤ አብዛኛውን ነገር የምናውቀው ዦአው ዴ ባሮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ዲያስ በማዕበል ተገፍቶ ወደ ደቡብ ከራቀ በኋላ ወደ ምሥራቅ ቢያቀና መሬት አጣ፤ ወደ ሰሜን ሲመለስ ግን መሬቱ በግራው በኩል መጣለት። ጫፉን ሳያየው ዞሮት ነበር። በ1488 ፌብሩዋሪ 3 ቀን ዛሬ ሞሰል ቤይ ከምትባለው ወደብ ደረሰ። ቀኑ በካቶሊኮች ዘንድ የቅዱስ ብላስዮስ በዓል ስለነበር ውሃ የተቀዳበትን ቦታ በቅዱሱ ስም ጠሩት።

ዳርቻው ባዶ አልነበረም። ኮይኮይ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን እየጠበቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን የምናውቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከሌላው ፖርቱጋላዊ አዛዥ ከቫስኮ ዳ ጋማ ጋር በዚያው ባለፉት መርከበኞች መዝገብ ነው። እረኞቹ እንግዶቹ ያቀረቡላቸውን አንቀበልም አሉ፤ መርከበኞቹ ውሃ ሲቀዱ ከኮረብታው ላይ በድንጋይ ተከላከሏቸው፤ ዲያስም ቀስት አስወንጭፎ አንዱን ገደለ። ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደ ተጓዙ ባሕረኞቹ እምቢ አሉ፤ እንመለስ አሉ። ዲያስ በማርች 12 ቀን 1488 በምሥራቁ ዳርቻ በአንድ ኮረብታ ላይ የንጉሡ ዓርማና መስቀል ያለበት የድንጋይ ምሰሶ ተከለና በዲሴምበር ሊዝበን ገባ።

የጀግንነቱን ነገር የሚክድ የለም። ከአሥራ ስድስት ወራት በላይ በእንጨት መርከብ፣ ማንም ካርታ ባልሠራለት ባሕር፣ ሰዎቹን ይዞ መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም። ዕጣ ፈንታው ደግሞ ያሳዝናል። ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ በር የከፈተው እሱ ሆኖ ሳለ ሕንድ የመድረሱ ክብር ለቫስኮ ዳ ጋማ ተሰጠ። እሱ ራሱ በ1500 ከፖርቱጋላዊው አዛዥ ከካብራል መርከቦች ጋር ሲጓዝ፣ ከዚያው ከዞረው ጫፍ አጠገብ በማዕበል ከነመርከቡ ሰጠመ። ባሮስ እንደሚለው ዲያስ ቦታውን የማዕበል ጫፍ ብሎት ነበር፤ ንጉሡ ግን መልካም ተስፋ ይባል ብሎ ስሙን ለወጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ በእኛም ደጅ ያልፋል። ንጉሥ ዦአው ዲያስን የላከው ቅመም ፍለጋ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ሲወራ የኖረ፣ በእስላም አገሮች ማዶ የሚነግሥ ቄስ ዮሐንስ የተባለ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው የሚለው ሐሳብ ጸንቶ ነበር። ስለዚህ ፍለጋው በሁለት መንገድ ተጀመረ፤ አንዱ በባሕር፣ አንዱ በየብስ። ዲያስ በባሕር ተላከ። በዚያው በ1487፣ በሜይ ወር፣ ፔሮ ዳ ኮቪልያና አፎንሶ ዴ ፓይቫ የተባሉ ሁለት ሰዎች በካይሮ በኩል ተላኩ። ፓይቫ በመንገድ ሞተ። አረብኛ የሚናገረው ኮቪልያ ሕንድን አይቶ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ወደቦች አይቶ፣ በመጨረሻ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1490ዎቹ መጀመሪያ ከአፄ እስክንድር ግቢ ደረሰ።

ደረሰና ቀረ። እስክንድር ሞተ፣ ናኦድ ነገሠ፣ ልብነ ድንግል ነገሠ፤ ኮቪልያ ግን ተመልሶ እንዲሄድ አልተፈቀደለትም። ርስት ተሰጠው፣ አገባ፣ ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል ልዑካን ከካህኑ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ሲመጡ እዚሁ አገኙት፤ ከ25 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ነበር። አልቫሬዝ ስለ አገራችን የጻፈው መጽሐፍ የዚህ ሰው ዕውቀት አለበት።

ወደ ዲያስ መርከብ እንመለስ። ዲያስ ከመርከበኞቹ በቀር ስድስት አፍሪካውያን ይዞ ነበር። ቀደም ባሉት ጉዞዎች ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የተያዙ ሰዎች ናቸው። የታዘዘው እነዚህን ሰዎች ጥሩ ልብስ አልብሶ፣ የወርቅ፣ የብርና የቅመም ናሙና አስይዞ በየዳርቻው እንዲያወርዳቸው ነበር፤ ሰዎቹም ወደ ውስጥ ገብተው የፖርቱጋልን ንጉሥ ታላቅነት እንዲያወሩ፣ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ከቄስ ዮሐንስ ጆሮ እንዲደርስ። በቀላል አማርኛ ስድስቱ ሰዎች ሳያውቁት ወደ እኛ የተላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ። ደብዳቤው አልደረሰም። ታሪክ ጸሐፊው ቁጥራቸውን መዘገበ። ስማቸውን አልመዘገበም። ወርቅና ብር በእጃቸው ይዘው በማያውቁት ባሕር ዳርቻ ተጥለው የቀሩት ሰዎች ስም የለሽ ናቸው፤ የያዛቸው ሰው ስም ደግሞ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በብር ተመታ።

አሁን ወደ ሞሰል ቤይ፣ ወደ 1497 እንሻገር። በኖቬምበር መጨረሻ ቫስኮ ዳ ጋማ በዚያው ወደብ መልሕቁን ጣለ። የጉዞው መዝገብ ስለዚህ ቆይታ የሚተርከው እጅግ ብዙ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ ሁለት መቶ ያህል ኮይኮዮች ከብቶቻቸውንና በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። አራት አምስት ሆነው ዋሽንት ነፉ፤ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ድምፅ እየተዋሐደ፤ ይጨፍሩም ጀመር። ዳ ጋማም መለከት እንዲነፋ አዘዘ፤ መርከበኞቹ በጀልባዎቹ ውስጥ ሆነው ጨፈሩ፤ ዳ ጋማ ራሱ ወረደና አብሯቸው ጨፈረ። አንድ ጥቁር በሬ በሦስት አምባር ተገዛ፤ መርከበኞቹም ሥጋውን በሉት፤ ጣፈጣቸውም።

ቀጥሎ ጠብ ተነሣ። ውሃ ነው ነገሩ፤ በደረቅ አገር የእረኛ ውሃ ከብቱ ነው፣ ሕይወቱ ነው። መርከበኞቹ የጦር መሣሪያ ይዘው ወረዱ፤ ከጀልባው መድፍ ተኮሱ፤ ሰዎቹ ወደ ጫካ ሸሹ። ከዚያ ዳ ጋማ በዚያ ቦታ የድንጋይ ምሰሶና ከመርከብ ምሰሶ እንጨት የተሠራ ትልቅ መስቀል አስተከለ። በማግሥቱ ሸራ ወጥረው ሊሄዱ ሲሉ መርከበኞቹ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች መጥተው መስቀሉንም ምሰሶውንም እየገነደሱ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለፖርቱጋል መታሰቢያ ከሞሰል ቤይ የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ምድር ስለ መታሰቢያ የተሰጠ፣ በጽሑፍ የቆየን ፍርድ ልንለው እንችላለን። ፈራጆቹ አልጻፉትም፤ የጻፈው የተፈረደበት ወገን ነው። ለዚህም ነው እውነትነቱ የሚያመዝነው።

ነገሩ እዚያ አልቆመም። በማርች 1 ቀን 1510 የሕንድ የመጀመሪያው የፖርቱጋል እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ አልሜይዳ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዛሬ ኬፕ ታውን ባለችበት ወደብ ወረደ። ሰዎቹ ከኮይኮዮች መንደር ከብትና ልጆች ሊነዱ ሞከሩ። ኮይኮዮቹ ከብቶቻቸውን በፉጨት እየመሩ፣ እንደ ጋሻ እየተከለሉባቸው ገጠሟቸው። እንደራሴውና ከሃምሳ በላይ ሰዎቹ እዚያው ወደቁ። ሕንድ ላይ የመርከብ ጦር የሰበረ ጌታ በእረኞች እጅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ የፖርቱጋል መርከቦች ያን ወደብ ሸሹት።

እንግዲህ አሁን 1988ን እንይ።

በዚያ ዓመት የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የዲያስን አምስት መቶኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በፖርቱጋል አገር የተሠራች፣ የዲያስን መርከብ የምትመስል ጀልባ ከሊዝበን ተነሥታ፣ ልክ በፌብሩዋሪ 3 ቀን ሞሰል ቤይ ደረሰች። ፕሬዚዳንቱ ፒ. ደብልዩ. ቦታ ከባሕሩ ዳር ቆመው ተቀበሏት። ያች ጀልባ ዛሬም በሞሰል ቤይ በዲያስ ስም በተጠራው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። የብር ሳንቲሙም የዚሁ በዓል ልጅ ነው።

ታዲያ ዲያስን ለመቀበል ኮይኮዮች ያስፈልጉ ነበር። የ1488ን ታሪክ የሚያሳይ ትርኢት ያለ እረኞች አይሆንማ። ነገር ግን በዚያ አገር «ከለርድ» ተብለው በሕግ የተመዘገቡት፣ ብዙዎቹ ደማቸው ከኮይኮዮች የሚመዘዝ የሞሰል ቤይ ነዋሪዎች በዓሉን አንሳተፍም አሉ። ባሕሩ ዳርቻ እንኳ በዘር በተከፋፈለበት አገር ነው፤ የነጮች ብቻ ከተባለ አሸዋ ላይ ቆማችሁ ነጩን እንኳን ደህና መጣህ በሉ ተብለዋል። እምቢ አሉ። ስለዚህ የእረኞቹን ቦታ የያዙት ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ፣ ከርዳዳ ሰው ሠራሽ ጠጉር የደፉ ነጮች ነበሩ። ነጭ የነጭን መምጣት በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተቀበለ።

ትርኢቱን ያስታወስኩት ልንስቅበት አይደለም። ከሳንቲሙ የማይታየውን ስለሚያሳይ ነው። መታሰቢያው ተቀባይ ይፈልግ ነበር፤ እውነተኛዎቹ ተቀባዮች ግን በ1488 ድንጋይ ወርውረዋል፤ በ1497 ምሰሶ ገንድሰዋል፤ በ1988 ደግሞ ከቤት አንወጣም ብለዋል። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ መልስ።

ዓመቱን ደግሞ ሰፋ አድርገን እንየው። ደቡብ አፍሪካ በ1988 ያወጣቻቸው የብር መታሰቢያ ራንዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው የዲያስ 500ኛ ዓመት፤ ሁለተኛው የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች፣ ሂዩጌኖቶች የሚባሉት፣ በ1688 የመጡበት 300ኛ ዓመት፤ ሦስተኛው የሆላንድ ዝርያ ያላቸው ገበሬዎች በ1830ዎቹ ኬፕ ከሚባለው የደቡብ ግዛት ወደ ውስጥ የፈለሱበት የታላቁ ጉዞ 150ኛ ዓመት። መጡ፣ መጡ፣ ገቡ። ሦስቱም ሳንቲሞች የአንድ ወገን መምጣትና መግባት ናቸው። እንደ ሦስቱ ሳንቲሞች ከሆነ የአገሪቱ ታሪክ በመርከብ መጥቶ በሠረገላ ገባ እንጂ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በ1988 ከሳንቲሙ ውጪ ምን ይደረግ ነበር? አገሪቱ ከጁን 1986 ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። የዲያስ በዓል ከተከበረ ልክ ሦስት ሳምንት ሲሞላ፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን፣ መንግሥት የዘር መድልዎን የሚታገለውን የተባበረ ዴሞክራሲያዊ ግንባር ጨምሮ የ17 ድርጅቶችን እንቅስቃሴ አገደ። ኔልሰን ማንዴላ በዚያ ዓመት ከታሰሩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከውጭ ደግሞ ማዕቀብ ነበር፤ አሜሪካ ከ1985 ጀምሮ ክሩገራንድ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም እንዳይገባ ከልክላለች፤ አውሮፓም ተከትላለች። ደቡብ አፍሪካ የምትመታው ሳንቲም ራሱ በዓለም ገበያ እንደ ተከሰሰ ሰው የሚታይበት ዘመን ነበር።

እንዲህ ባለ ዓመት የአውሮፓን መርከበኛ ማክበር ትርጉሙ ግልጽ ነው። የተገለለ መንግሥት ለአውሮፓ፣ የእናንተው ነን፣ ከእናንተው ዘንድ መጣን ይላል። በአገር ውስጥ ላሉት ነጮች፣ በዚህ ምድር ላይ አምስት መቶ ዓመት ሥር አለን ይላል። የፖርቱጋል ተወላጆችም ነበሩ፤ በ1975 አንጎላና ሞዛምቢክ ነፃ ሲወጡ ብዙዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸሽተው ሰፍረዋል፤ ዲያስ ለእነሱም የመግቢያ ወረቀት ሆነላቸው። ሟቹ መርከበኛ ግን በዚህ ሁሉ የለበትም። በ1488 ኬፕ ላይ አልሰፈረም፤ ቤት አልሠራም፤ ውሃ ቀድቶ፣ ሰው ገድሎ፣ ምሰሶ ተክሎ ሄደ። የሆላንዶች ሠፈር የተመሠረተው ከእሱ 164 ዓመት በኋላ በ1652 ነው። ዲያስን የደቡብ አፍሪካ ነጮች አባት ያደረገው ታሪክ አይደለም፤ የ1988 ችግር ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ፖርቱጋልም በዚያው ዘመን ዲያስን በሳንቲም አክብራለች፤ ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ብትሠራው ምን ነውር አለው? እውነት ነው፣ ፖርቱጋል በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለ መርከበኞቿ ተከታታይ ሳንቲሞች አውጥታለች፤ ዲያስም አለበት። ፖርቱጋል የራሷን ልጅ ማወደሷ እንደ አገሮች ሁሉ ልማድ ነው፤ ልንተቻት እንችላለን፣ ግን እንረዳታለን። ልዩነቱ ከተደረሰበት ምድር ላይ ሆኖ የደረሰውን ማክበሩ ላይ ነው። ልጄ ሩቅ አገር ደረሰ ማለትና እኔ የኖርኩት ሰው ስለደረሰብኝ ነው ማለት አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ትምህርት አለው። የደቡብ አፍሪካ የወረቀት ገንዘብ ለብዙ ዓመታት የያን ቫን ሪቤክን፣ የ1652ቱን የሆላንድ አዛዥ፣ ምስል ይዞ ኖሯል። ኋላ ላይ ምርምር እንዳሳየው ምስሉ የሌላ ሰው ነው፤ ባርቶሎሜዎስ ፌርሞይደን የተባለ ሆላንዳዊ። አንድ አገር ለአሥርት ዓመታት የመሥራቹ ነው ብሎ በኪሱ ይዞ የዞረው ፊት የማያውቀው እንግዳ ፊት ነበር። የዲያስም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ በሕይወቱ ሳለ የተሠራ ምስል አልቀረም፤ በየአደባባዩ የቆሙት ሐውልቶቹ ሁሉ የቀራጭ ግምት ናቸው።

በ1990ዎቹ ቫን ሪቤክ ከወረቀቱ ወጣና አውራሪስ፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና ነብር ገቡ። እንስሳት ብልሃት ናቸው፤ ማንም አይጣላባቸውም። በ2012 ደግሞ ማንዴላ ገቡ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ብዙ ያልተወራለት ነው። በኤፕሪል 27 ቀን 2000 ደቡብ አፍሪካ አዲስ ዓርማ አወጣች። በመሐሉ ከጥንት የሳን ሕዝብ የዋሻ ሥዕል የተወሰዱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ መሪ ቃሉም ከሳኖች ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በካም ቋንቋ ተጽፏል። ይህ ዓርማ በሳንቲሞቹ ላይ ወጣ፤ ቀድሞ እንግሊዝኛና አፍሪካንስ ብቻ ይነበብባቸው የነበሩት ሳንቲሞችም የሌሎቹን የአገሪቱን ቋንቋዎች እያፈራረቁ ይዘው ይወጣሉ።

ይህ ደስ ይላል። ግን ዝም ብለን ልናጨበጭብ አይገባም። ሳኖች አዳኞች፣ ኮይኮዮች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዝምድና አላቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። የካም ቋንቋ ደግሞ ዛሬ የሚናገረው ሰው የለም። ተናጋሪዎቹ በሰፋሪዎች ጠመንጃና በመሬት ነጠቃ ካለቁ በኋላ ቃላቸው የመንግሥት ማኅተም ሆነ። አዲሱም መንግሥት እንደ አሮጌው መልስ ሊሰጥ የማይችል ሰው መረጠ። ዲያስ ከመቃብር ተነሥቶ እኔ አልሰፈርኩም ሊል አይችልም፤ የካም ተናጋሪም ይህን ቃል በእኔ ስም አትጻፉ ሊል አይችልም። ምርጫው ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ መንግሥታት ከሙታን ጋር ያላቸውን ወዳጅነት መመርመር ተገቢ ነው።

ከማጠቃለሌ በፊት ጣቴን ወደ ራሳችን ልመልስ፤ የሰው አገር ሳንቲም ማንበብ ቀላል ነውና። ልጅ ሳለን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንባባል ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የራሱን ሳንቲም ሲያወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ወጣ፤ አንበሳው ግን ዘውዱን አውልቆ ቀረ። ከዚያ በፊት፣ በ1964 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ነገሥታቱን የሚዘክሩ የብር ሳንቲሞች ወጥተዋል። ቴዎድሮስ አሉ፣ ዮሐንስ አሉ፣ ምኒልክ አሉ፣ ዘውዲቱ አሉ፣ ኃይለ ሥላሴም አሉ። በምኒልክና በዘውዲቱ መካከል ልጅ ኢያሱ የሉም። ዘውድ አልጫኑም የሚል ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ ይሁን። ግን ማን እንደወጣ ስታዩ ሳንቲሞቹ የመቶ ዓመት ታሪክ መሆናቸው ይቀርና በ1964 ዓ.ም. ዙፋን ላይ የነበረው ሰው እንዴት መታየት እንደፈለገ ይነግሯችኋል።

ስለዚህ የመታሰቢያ ሳንቲም በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። በተመታበት ዓመት አገሪቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? ከተመሳሳይ ሳንቲሞች መሐል ማን ጎደለ? የሚታሰበው ሰው የደረሰባቸው ሰዎች ቃል በየትኛው መዝገብ ይገኛል? የዲያስ ሳንቲም ለሦስቱም መልስ አለው፤ መልሶቹንም እስካሁን አብረን አይተናል።

አንዳንዶች እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች ይቅለጡ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሳንቲሙ ከቀለጠ የ1988 ማስረጃ ይጠፋል፤ ያን ዓመት የሠሩትም ሰዎች ከተጠያቂነት ያመልጣሉ። በሙዚየም ይቀመጥ፤ ነገር ግን ብቻውን አይቀመጥ። ከጎኑ በ1497 ሞሰል ቤይ ላይ ስለተነፋው ዋሽንትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለወደቀው ምሰሶ የሚተርከው ገጽ ይቀመጥ፤ ከእሱም ቀጥሎ ቀለም የተቀቡት ነጮች የተነሡት ፎቶግራፍ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ጎብኚ አስጎብኚ አያስፈልገውም።

የእኛም መንግሥታት፣ የእኛም ባንኮች ወደፊት ብዙ መታሰቢያ ያወጣሉ፤ ብዙ ዓመት ይዘክራሉ። ሲያወጡ አንድ ነገር እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ የሚያስቡትን ዓመት ሰው ይረሳው ይሆናል፣ እነሱ የመረጡበትን ዓመት ግን የሚያነብ አይጠፋም። ስለ ትናንት ባወጡት ሳንቲም የሚፈረድባቸው ስለ ዛሬያቸው ነው።